በጉልበት ማንሳት

[አዳማ፣ ባቡር ጣቢያ፣ 1922 ዓ.ም.። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ውሃ ይሞላል። በሩ በተከፈተ ፉርጎ ፊት ዘጠኝ የጨው ጆንያ ተደርድሯል። ከወሎ የመጣው ተሸካሚ መሐመድሰዒድ ወገቡን ይዞ ቆሟል። የጣቢያው ዘበኛ ኦቦ ገርባ ዱላውን ተደግፎ ያየዋል።]

ገርባ፦ በጉልበትህ አንሳ አላልኩህም?

መሐመድሰዒድ፦ በጉልበቴ ነው ያነሳሁት። ያለኝን ጉልበት ሁሉ ጨረስኩት እኮ።

ገርባ፦ ያንን ጉልበት አይደለም። [ጉልበቱን መታ መታ ያደርጋል] ይኼኛውን ነው የምልህ።

መሐመድሰዒድ፦ በእሱ ጆንያ እንዴት ይያዛል?

ገርባ፦ የምትይዘውማ በእጅህ ነው። ጉልበትህን ታጥፋለህ፣ ወገብህን ቀጥ ታደርጋለህ።

መሐመድሰዒድ፦ ትናንት ቀጥ አድርጌው ነበር።

ገርባ፦ እና?

መሐመድሰዒድ፦ እጄ ጆንያው ዘንድ አልደረሰም።

ገርባ፦ ቁጭ ብለህ ነዋ።

መሐመድሰዒድ፦ ቁጭ ብዬም ሞከርኩ። እኔም ተቀመጥኩ፣ ጆንያውም ተቀመጠ።

ገርባ፦ [በትዕግሥት] ለመሆኑ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?

መሐመድሰዒድ፦ ከወገቤ ይነሳና ዳሌዬ ውስጥ ይገባል። ትናንት ዙህር ስሰግድ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ሰዉ ሰግዶ ወጣ፣ መስጊዱ ተጠረገ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ። አለቃችን ኃይለየሱስ ደግሞ ነገም እንዲህ ካነከስኩ በቦታዬ ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ነግሮኛል።

ገርባ፦ እኔ እያለሁ ማንም አያስወጣህም። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆሜ ስንቱን ተሸካሚ አስተምሬያለሁ። አሁን ሠርቼ ላሳይህ። እስክጨርስ ግን ትንፍሽ እንዳትል።

[ዱላውን ያስቀምጣል። ጉልበቱን አጥፎ አንዱን ጆንያ ደረቱ ላይ ያስጠጋል፤ ተነስቶ ፉርጎው ውስጥ ያስገባዋል።]

መሐመድሰዒድ፦ ኦቦ ገርባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት…

ገርባ፦ ዝም ብለህ ተመልከት።

[ሁለተኛውን ያስገባል። ሦስተኛው ላይ ስለ ትንፋሽ አያያዝ ያስረዳል፤ አራተኛው ላይ ጆንያን ከሆድ ማራቅ ወገብ እንደሚጎዳ ይናገራል። ከስድስተኛው በኋላ ማስረዳቱ ቀርቶ ማቃሰት ይጀምራል። መሐመድሰዒድ ሁለት ጊዜ እጁን ያወጣል፤ ገርባ ሁለት ጊዜ በዓይኑ ይገሥጸዋል። ዘጠነኛው ይገባል።]

ገርባ፦ [እንደጎበጠ] ገባህ አሁን?

መሐመድሰዒድ፦ አነሳሱ ገብቶኛል። ያልገባኝ ለምን እንደሚጭኗቸው ነው።

ገርባ፦ የሚጫኑ አይደሉም እንዴ?

መሐመድሰዒድ፦ ከጅቡቲ የመጣ፣ እዚህ የሚራገፍ የአዳማው ነጋዴ የአብዱናሲር ጨው ነው። ከጠዋት ጀምሬ ሳወርድ ነው ወገቤ የባሰበት።

[ባቡሩ ይጮኻል።]

ገርባ፦ ታዲያ ዝም ትለኛለህ?

መሐመድሰዒድ፦ ዝም በል ስላሉኝ የትምህርቱ ክፍል መሰለኝ።

ገርባ፦ በል ቶሎ አውርድ። ጨዉ አዲስ አበባ ከገባ ሁለታችንም እንባረራለን። እኔ እንደሆነ ቀና ማለት አቅቶኛል።

[መሐመድሰዒድ ፉርጎው ውስጥ ይገባል። ጉልበቱን እያጠፈ፣ ወገቡን እያቀና፣ ጆንያውን ደረቱ ላይ እያስጠጋ አንድ በአንድ ያወርዳል። የመጨረሻው መሬት ሲነካ ባቡሩ ይንቀሳቀሳል።]

መሐመድሰዒድ፦ [በመገረም ወገቡን እየዳሰሰ] ኦቦ ገርባ፣ ምንም አልተሰማኝም። ትምህርትዎ እውነት ነው።

ገርባ፦ [መሬት መሬቱን እያየ] ነግሬሃለሁ እኮ።

መሐመድሰዒድ፦ በሉ አንገቴን ይያዙኝና ወጌሻው ዘንድ ላድርስዎት። [ያዝለዋል፤ ጥቂት ይራመዳል] ግን እንዲህ እያወቁ እንዴት ተጎዱ? በፊትም ጆንያ ሲያነሱ ያምዎት ነበር?

ገርባ፦ [ከጀርባው ላይ፣ ቀስ ብሎ] በፊትማ መች አንስቼ አውቃለሁ።