ራሱ መርምሮ ራሱ ያሳውቃል

ሰው የጎረቤቱን ቤት ሽታ ከሦስት ፎቅ ርቀት ለይቶ ይነግራችኋል፤ ሽንኩርቱ ማረሩን፣ ካልሲው አለመታጠቡን፣ ሁሉንም። የራሱ ቤት ግን ምንጊዜም አይሸተውም።

ይህን የምላችሁ ሥራዬ መመሪያ ማርቀቅ ስለሆነ ነው። ሰሞኑን የያዝኩት ረቂቅ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ከጉድጓድና ከቧንቧ የሚያፈተልከውን ሚቴን እንዲቆጣጠሩ የሚያስገድድ ነው። ሚቴን አየሩን ክፉኛ የሚያሞቅ፣ የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ነው። ታዲያ ማን ይፈትሸው? እኔ «ኩባንያው ራሱ መርምሮ ራሱ ያሳውቃል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ሰው ራሱን ያጋልጣል ብለህ ነው?» ብትለኝ፣ ስለ ሕሊና ግማሽ ሰዓት አስተማርኳት።

ቅዳሜ ጠዋት የልደታው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ በማብሰያ ጋዝ ሽታ ታፈነ። ይሄኛው እንዲሸት ተደርጎ ነው የሚሞላው። ሁላችንም ወርደን ሁለተኛ ፎቅ፣ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆምን። ሳምቡሳ ጠብሰው ለየሱቁ የሚያስረክቡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን ሊሆን?

«እኔ ጋ ከሆነማ ይኸው እናየዋለን!» አሉና ክብሪት አወጡ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ሰፈር ሲሊንደር የሚፈተሸው አንገቱ ላይ ክብሪት ተጭሮ ነው። ካልነደደ እሰየው። ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ጎረቤት ቆማለች። ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ በፈጠረዎ! ሊያነዱን ነው?»

የኮሚቴው ሰብሳቢ እዚያው ፈረደ። «ጋዝ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ጋ ካልሆነ የት ሊሆን ነው? ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ መጥበስ የለም!»

እትዬ ዘይነባ ምድጃቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወረዱ።

እኔ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሳሙና አረፋ እንዴት እንደሚፈተሽ ለጎረቤት ላስተምር አስቤ፣ መጀመሪያ በራሴ ሲሊንደር ልለማመድ አልኩ። አረፋው ተንቸፈቸፈ። ጎማው ተሰንጥቋል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ለካ ከእኔ ቤት ነው ደረጃውን ይዞ ሲወርድ የነበረው። ሲሊንደሩን ዘጋሁት፣ መስኮቱን በረገድኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሰብሳቢው ነው።

«አንተ ጋ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው» አልኩ።

ሽታው ጠፋ። የጠፋው እትዬ ዘይነባ ስለወረዱ ነው ተባለ።

ሰኞ ጠዋት ያቺን አንቀጽ ሰርዤ «ገለልተኛ መርማሪ» የሚል ተካሁ። አለቃዬ ገርሟት «ምን ታየህ?» አለችኝ። «ራሱን የመረመረ አንድ ሰው አውቃለሁ» አልኳት።

እትዬ ዘይነባ ዛሬም ግቢ ውስጥ ነው የሚጠብሱት፤ ሲዘንብ ጃንጥላ ደግፈው። ሳልፍ ትኩስ ሳምቡሳ ያስጨብጡኛል። «ያን ቀን አንተ እጄን ባትይዘኝ ምን ይውጠን ነበር፣ ልጄ!» ይሉኛል።

ተቀብዬ እበላለሁ።