ኮሌታ ገልባጯ

ሰው የለበሰውን አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ለሰበታ የደረሱት ቲቸር ሰብሪያ ናቸው፤ ክብርት የኮሌታ መርማሪ፣ የስፌት ሁሉ ዳኛ። ኮሌጅ ውስጥ የልብስ ዲዛይን ተማሪዎችን ስለ ጨርቅ ብክነትና ስለ ሰፊዎች መብት ያስተምራሉ። ትምህርቱ ግን ክፍል ውስጥ አያልቅም። ሰላም ብለዋችሁ ሳይጨርሱ እጃቸው ኮሌታችሁ ላይ ነው፤ ገልበጥ ያደርጉትና "ማን ሰፋው?" ይላሉ።

ለቅሶ ቤት ጠይቀዋል። አንዴ ከፉሪ ሲመጡ የታክሲውን ረዳት ጠይቀውት፣ ሂሳብ መቀበሉን ረስቶ እስከ አለምገና ስለ ጃኬቱ ሲያስብ ሄዷል። ልብስ ነጋዴው ወንድማቸው የህያ ደግሞ ከሩቅ ሲያያቸው ሱቁን ለዙሁር ሶላት ይዘጋል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሆንም።

ተማሪያቸው ጂጂ ይህን ሁሉ እየሳቀች ታወራ ነበር፤ በመመረቂያው የልብስ ትርኢት የምታቀርበው ቀሚስ ተራ እስኪደርስ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ነድፋ የቆረጠችው ራሷ ናት። መስፋቱ ግን አልሆነላትም፤ መርፌዋ መንገድ ይስታል። ስለዚህ ጎረቤቷን ድንቅቱን ለመነች። ድንቅቱ ሳምንቱን ሙሉ ጋርመንት ፋብሪካ ስትሰፋ ትውላለች፤ ያለቻትን አንዲት እሁድ ለጂጂ ሰጠች። ጂጂም ቀሚሱ ላይ የራሷን ስም ብቻ ለጠፈች፤ የሰው ሥራ በስሙ ያቀረበ እንደማይመረቅ እያወቀች።

ቲቸር ሰብሪያ ቀሚሱን ገልብጠው ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱ።

"ማን ሰፋው?"

ጂጂ "እኔ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ሆዷ እምቢ አለ። "ድንቅቱ ናት፣ ቲቸር። እሁዷን ወስጄባት ነው።"

አልተቆጧትም፤ ይሄ ባሰባት። "ስሟን በእጅሽ ጥለፊበት። እሁዷንም መልሺላት። ያኔ ትመረቂያለሽ" አሏት።

በቀጣዩ እሁድ ጂጂ የድንቅቱን ልብስ ስታጥብ ዋለች፤ ድንቅቱ እስከ ምሳ ሰዓት ተኛች።

በትርኢቱ ቀን ድንቅቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሱን የለበሰችው ሞዴል ብቅ ስትል ደነገጠች፤ ከኋላዋ ወደተቀመጡት ቲቸር ሰብሪያ ዞር ብላ፣ ቀሚሱን ገልብጠው እንዳለበሷት በሹክሹክታ ነገረቻቸው። እሳቸውም የእሷ ስም የተጠለፈው በውስጥ በኩል ስለሆነ ነው አሏት። ድንቅቱ ቀና ብላ አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሲያልቅ ጂጂን ጠራቻት። "ስሜን አጣመምሽው እኮ። ነይ፣ መስፋት አስተምርሻለሁ። እሁድ ግን አይሆንም።"

ጂጂ ሳቀች። ቲቸሯን ልታመሰግን ዞር ስትል እጃቸው ከፊታቸው የተቀመጡት የኮሌጁ ዲን ኮሌታ ላይ ደርሷል። እንደዚያች ደቂቃ ወዳቸው አታውቅም።