ዶይል ፕሩት ዶሮ የገዙበት ሂሳብ

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ከሁሉም የሚብሰው ግን የሰውን ኪስ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቀው ነው። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ብትመጡ ጫማውን አያይላችሁም፤ የሚታየው ዋጋው ነው። ለእኛ ለሚል ፎርክ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክቡር ዶይል ፕሩት ናቸው። ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ፤ እዚህ ጋዜጣ ላይ ግን ለማዕረጋቸው ስል አንቱ ብያቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጎማ ፋብሪካው ግምጃ ቤት ዕቃ ሲቆጥሩ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆየ፤ ቆጠራው ግን አልቆመም። ጠዋት ጠዋት ዊልማ ቁርስ ቤት መስኮቱ ጥግ ይቀመጡና፣ እንቁላላቸውን እየበሉ ሶፍት ላይ ይደምራሉ፣ ያካፍላሉ። የቤተ ክርስቲያኑን አዲስ ምንጣፍ ዋጋ ለምእመናን አካፍለው ለፓስተሩ ነግረዋቸዋል። በጎረቤታችን ቀብር ላይ ደግሞ የሬሳ ሣጥኑ የነሐስ እጀታ ስንት እንደሚያወጣ ለሟቹ ሚስት ሹክ አሏት። ማጽናናታቸው ነበር።

እኔንም አልማሩኝም። የጀልባዬን ዋጋ እስከዛሬ በያዝኳቸው ዓሦች አካፈሉና «አንዱ ዓሣ መቶ አርባ ዶላር መጣብህ» አሉኝ።

«ደስ ይለኛላ» አልኩ።

«ደስታ ወለድ አይከፍልም።»

ይህ የዘወትር ጸሎታቸው ነው። «ርካሽ ነው» ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዊልማ በነጻ የምትደግምላቸው ቡና እንኳ በጨጓራ በኩል ያስከፍላል ባይ ናቸው።

እንግዲህ ከሁለት ዓመት በፊት ሬቫ ኮምስ የምትባል ሴት ምክር ልትጠይቅ የመጣችው እኚህ ሰው ዘንድ ነው። ሬቫ በአረጋውያን መኖሪያው ረዳት ሆና ሽማግሌ ታጥብ፣ ታገላብጥ፣ ትመግብ ነበር። ባል የላትም፤ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። የማኅበረሰብ ኮሌጁ ነርሲንግ ትምህርት ክፍል ተቀብሏት ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይደግሳል። እሷ ግን ከዓመታት በፊት ዲፕሎማ ሳይሰጣት በሩን የዘጋ የግል ትምህርት ቤት ዕዳ ገና እየከፈለች ስለነበር፣ ብድር የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ይገረጣል።

«አቶ ዶይል፣ አሁን ደግሞ ብሳሳት እናቴ የተወችልኝን ቤት ነው የማጣው» አለች። «እርስዎ ግቢ ካሉኝ እገባለሁ፤ ተይው ካሉኝ እተወዋለሁ።»

ክቡርነታቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። እንቁላላቸው ሲቀዘቅዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አሁን በሰዓት ስንት ታገኛለሽ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ነርስ ስትሆኚስ?»

«ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ይላሉ።»

«የሚሉትን ተዪውና ሠላሳ እንበል። የትምህርት ክፍያውስ?»

«አብዛኛውን የማይመለሰው የመንግሥት ድጎማ ይሸፍነዋል። መተዳደሪያ ነው የሚቸግረኝ፤ ትምህርቱ ሲጀመር የምሠራው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ኮሌጁ በዓመት ዘጠኝ ሺህ መበደር ትችያለሽ ብሎኛል።»

«መቻልና መውሰድ ለየቅል ናቸው። ሦስት ሺህ ይበቃሻል። የኬብል ቴሌቪዥኑን አጥፊው።»

«ልጄስ?»

«ልጅቷ መጽሐፍ ታንብብ።»

ሶፍቱ ሞላ፤ ሁለተኛው ተጀመረ። መጻሕፍቱ፣ የደንብ ልብሱ፣ የፈቃድ ፈተናው ክፍያ ሁሉ ገቡ። ድምሩ ደህና እየመጣ ሳለ ሬቫ የሆስፒታል ልምምዱ ከተራራው ማዶ እንደሆነ፣ ገና ጎህ ሲቀድ መገኘት ግዴታ እንደሆነና የመኪናዋ ማርሽ ከሞተ መሰንበቱን ተናገረች። መኪና በብድር ሲገባበት ሂሳቡ ተናደ። ዕዳ በዕዳ ላይ መጣ።

«እንግዲያው ቀረ» አለች ሬቫ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። አልከፋትም፤ የለመደችው ነገር ነው፤ እኔን የከፋኝም ይኸው ነው።

ክቡርነታቸው ሶፍቱን ትክ ብለው አዩት። «ቆይ። ስህተት አለበት። መኪናውን ሰረዝኩት።»

«እንዴት ይሰረዛል?»

«እኔ በዚያ በኩል እሄዳለሁ።»

ልብ በሉ። እኚህ ሰው ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ አድርገው የሚወርዱ ናቸው። ተራራውን ከተሻገሩ ምናልባት አሥር ዓመት ይሆናቸዋል። ሬቫ እንደወጣች ያዝኳቸው።

«ከተራራው ማዶ ምን አለህ?»

«የዶሮ መኖ ዋጋ እዚያ ወርዷል።»

«ዶሮ የለህም እኮ።»

«ልገዛ ነው።»

ገዙም። ስድስት ቀይ ዶሮዎች ገዙ፤ ሳንቃ ተገዝቶ ቤት ተሠራላቸው፤ ቀበሮ እንዳይገባም የሽቦ አጥር ታጠረ። ዶሮዎቹ ግን ሰነፎች ነበሩ፤ ስድስቱም ተባብረው በሳምንት ከሦስት እንቁላል አያልፉም። ሁለት ዓመት ሙሉ በልምምድ ቀን ያቺ አሮጌ ፒክአፕ ሬቫን ጭና ተራራውን ትወጣለች፣ ማታ ሬቫንና መኖውን ይዛ ትመለሳለች። በረዶ በጣለ ጊዜ ጎማው ላይ ሰንሰለት ያስሩ ነበር። መንገዱን ሙሉ የመድኃኒት መጠን ስሌት ይጠይቋት እንደነበር፣ ስትሳሳትም ደግመው ያሠሯት እንደነበር እሷ ነግራኛለች። «ሰውዬው ይሞትብሻል፣ ድገሚው» ይሏት ነበር።

እኔም ቂሜን አልረሳሁም። ከዶሮዎቹ ግዢ አንሥቶ ቤቱን፣ አጥሩን፣ መኖውን፣ በየጉዞው የነደደውን ቤንዚን ሁሉ ደምሬ በእንቁላሎቹ አካፍዬ፣ የጀልባዬን ብድር የምመልስበትን ቀን እጠብቅ ነበር።

ቀኑ የምርቃቱ ቀን ሆነ። እኛ ዘንድ ነርስ ስትመረቅ ደረቷ ላይ የነርስነቷን ዓርማ የሚሰካላትን ሰው ራሷ ትመርጣለች። ብዙዎቹ እናታቸውን፣ ባላቸውን ይጠራሉ። ሬቫ ልጇን አስቀድማ አቀፈቻትና፣ «አቶ ዶይል፣ ይምጡልኝ» አለች። ክቡርነታቸው ለቀብር የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ወጡ። የዓርማዋ መርፌ አልገባ አላቸው። ሬቫ እጃቸውን በእጇ ደግፋ አብራ ሰካችው። የተበደረችው እሳቸው ካሉት አንድ ዶላር አላለፈም፤ የሆስፒታሉ ቅጥርም እጇ ገብቷል።

ከመድረክ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡና መሐረብ አወጡ። አንቱታው እዚህ ላይ ይቅርና፣ ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ልደብቀው አልችልም። ግን ጊዜው የኔ ነበር።

«ዶይል፣ አንዱ እንቁላልህ አሥራ አንድ ዶላር መጣብህ» አልኩት።

ሬቫን አየ። ልጇ ዓርማዋን እየነካካች ነበር።

«ርካሽ ነው» አለ።