እጣቢው ለሳሩ ነው

ውሃ ቆጣቢ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንኳን ሊያጋጥመኝ፣ ግቢው ውስጥ ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራያችን ጋሽ ማቴዎስ ሐዋሳ ካፈራቻቸው ቆጣቢዎች ሁሉ አንደኛ ናቸው። ቧንቧ ሲፈልግ በሚመጣበት በእኛ ሰፈር የሳቸው ሳር ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ምስጢሩ ምንድን ነው ትሉኛላችሁ? እኛ ተከራዮቹ ነና! ፊታችንን የታጠብንበት ለጽጌረዳው፣ ሩዝ ያጠብንበት ለአቮካዶው፣ ልብስ ያለቀለቅንበት ለሳሩ ይሄዳል። ሳሙና ከበዛበት ጋሽ ማቴዎስ አሽትተው ይቆጣሉ፤ «ለተክል እኮ ነው!»

ባለፈው የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነበር። እዚያው ግቢ የምትከራየው ጎረቤቴ ምሕረት ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ባሏ ለሥራ ርቋል። ጋሽ ማቴዎስ ግን ተራራ የሚያህል ሮቶ አላቸው።

«ጋሼ፣ ለሕፃኑ ጨርቅ ማጠቢያ አንድ ጀሪካን ቢሰጡኝ?»

«ልጄ፣» አሉ በሐዘኔታ፣ የውሃውን ጎማ ወደ ሳሩ እንደያዙ፣ «ዛሬ ካልቆጠብን ነገ ልጅሽ ምን ይጠጣል?»

ምሕረት ወገቧን በነጠላ አስራ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች።

አንተስ የት ነበርክ አትሉኝም? በረንዳዬ ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር፤ ጠብታ እንዳትባክን ሳፋው ላይ ጎንበስ ብዬ።

ምሕረት ውሃውን ከሌላ ሰፈር ተሸክማ ስትመለስ፣ ሳሩን እንዳትረግጥ ዙሪያውን ዞራ ገባች። ጋሽ ማቴዎስ ከኋላዋ ተጣሩ፦

«ልጄ፣ ሳሙና እንዳታበዢበት! እጣቢው ለሳሩ ነው።»