እከክ የያዘውን የእትዬ ፅጌን አቮካዶ ጉዳይ ለመወሰን የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ የመንደራችን እድር ዕቃ ቤት፣ ድስቶቹና ድንኳኑ መሀል
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ በ9፡00 ተጀመረ። ምክንያቱ ዝናብ ነው ተብሏል። ባይዘንብም የሚጀመረው በ9፡00 ነበር።

የተገኙ፦
አቶ ደበሌ፣ ሰብሳቢ
አቶ ሙክታር፣ ገንዘብ ያዥና ፍራፍሬ ነጋዴ
አቶ ሕዝቅያስ፣ አባል፣ የወ/ሮ ፅጌ የአጥር ጎረቤትና ከሳሽ፣ ከነመጥረቢያቸው
ወ/ሮ ፅጌ፣ አባል፣ የተከሰሰው ዛፍ ባለቤት
ወ/ሮ እህተማርያም፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ ሳትጠየቅ የተመረጠች ጸሐፊ
በእንግድነት፦ ወ/ሪት ሳያት፣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ የመንደራችን ልጅ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስቱም የኮሚቴ አባላት ስለተገኙ ተሟልቷል። አቶ ሙክታር መጥረቢያውም ድምፅ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቀው ሰብሳቢው ቀልድ አንፈልግም ብለዋል። ወ/ሮ ፅጌ «ሰው እንዳያደናቅፍ» በማለት መጥረቢያውን ተቀብለው ከወንበራቸው ሥር አኑረውታል።

ስብሰባው በሰብሳቢው ጸሎት ተከፍቷል፤ አቶ ሙክታርም በበኩላቸው ዱዓ አድርገዋል። ሁሉም አሜን ብሏል። ኮሚቴው እስከ ማምሻው ድረስ ከልቡ የተስማማው በዚህ ብቻ ነው።

አጀንዳ 1፦ የአቮካዶው ሕመም

አቶ ሕዝቅያስ ተነሥተው የወ/ሮ ፅጌ አቮካዶ እከክ እንደያዘው፣ የፍሬው ቆዳ ቡናማ ሆኖ እንደ ቡሽ መሻከሩንና መሰነጣጠቁን፣ ቅጠሉ ነጠብጣብ አውጥቶ መጨማደዱን፣ ይኸው በሽታ አጥር ዘሎ የእርሳቸውንም ዛፍ መያዙን ዘርዝረው፣ ዛፉ ዛሬውኑ እንዲቆረጥ ጠይቀዋል። «ዛሬውኑ» ሲሉ ወደ ወ/ሮ ፅጌ ወንበር ሥር ተመልክተዋል።

ወ/ሮ ፅጌ በሰጡት መልስ፣ ሌላው ሰው ጡረታውን ከመንግሥት ሲቀበል እርሳቸው የሚቀበሉት ከዚህ ዛፍ መሆኑን፣ ዛፉ ከወደቀ እርሳቸውም አብረው እንደሚወድቁ፣ ለቀብራቸው የሚተከለው ድንኳን እዚሁ ስላለ ኮሚቴው ከአሁኑ እንዲያናፍሰው አሳስበዋል። ለጥቂት ጊዜ ማንም ወደ ድንኳኑ አላየም።

አቶ ሙክታር በበኩላቸው ደንበኛ አቮካዶ የሚገዛው በዓይኑ በመሆኑ ዘንድሮ የወ/ሮ ፅጌን ፍሬ መረከብ ለማቆም መገደዳቸውን፣ ይህንንም ያደረጉት ልባቸው እየደማ መሆኑን ተናግረዋል። ወ/ሮ ፅጌ የደማውን ልብ ማየት እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። ሰብሳቢው ወደ አጀንዳው እንመለስ ብለዋል።

ወ/ሪት ሳያት እንዲያስረዱ ተጋብዘው፣ በሽታው በፈንገስ የሚመጣ መሆኑን፣ ዝናብና ነፋስ እንደሚያዛምተው፣ ለጋውን ቅጠልና ገና የያዘውን ፍሬ እንደሚያጠቃ፣ «ዛፉን መቁረጥ ግን...» እያሉ ሳለ ሰብሳቢው «ልጄ፣ ገና መፍትሔ ላይ አልደረስንም» በማለት አስቀምጠዋቸዋል። በዚህ መሀል አቶ ሙክታር ክንዳቸውን ማከክ ጀምረዋል። ወዲያው አቶ ሕዝቅያስ አንገታቸውን፣ ሰብሳቢውም ጀርባቸውን በበሩ መቃን ላይ አክከዋል። ወ/ሪት ሳያት የአቮካዶ እከክ ሰው አይዝም ብለው ቢምሉም፣ ከረጅም ውይይት በኋላ በስብሰባ ላይ ማከክ እንዲከለከል ተወስኗል። ውሳኔው ሲጻፍ ጸሐፊዋንም በላት።

ቀጥሎ አቶ ሙክታር ዛፉ እስኪድን ድረስ በእድሩ ድንኳን ተሸፍኖ ከሌላው ዛፍ ይለይ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ሕዝቅያስ ድንኳኑ ዛፉ ላይ እያለ አባል ቢሞትስ ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው አባላት እስከ ጥቅምት ይታገሡ ዘንድ በደብዳቤ እንዲጠየቁ ሐሳብ ሰጥተዋል። ወ/ሮ ፅጌ እርሳቸው በዕድሜ ቀዳሚ ስለሆኑ ቃል መግባት እንደማይችሉ በማስታወቃቸው ሐሳቡ ወድቋል።

በመጨረሻም ኮሚቴው ዛፉ ይቆረጥ ወደሚለው ተመልሷል። ወ/ሮ ፅጌ፣ መቁረጥ ካልቀረ ፍርዱ ለሁሉም እኩል እንዲሆን፣ «የበሽታው ምንጭ የሆነው ዛፍ፣ የትም ይብቀል የት፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይቆረጥ» ተብሎ ቃል በቃል እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል። ምንጩ ማን እንደሆነ ሁሉም የሚያውቅ ስለመሰለው ተቃዋሚ አልነበረም። ሰብሳቢው ሲፈርሙ «እትዬ ፅጌ፣ ትልቅ ሰው ነዎት» ብለዋል። ወ/ሮ ፅጌ ፈገግ ብለዋል፤ ጸሐፊዋ በዚያን ጊዜ ኀዘን የበዛባቸው መስሏት ነበር።

አቶ ሕዝቅያስ መጥረቢያውን ሲጠይቁ ግን ወ/ሮ ፅጌ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ 9 አስታውሰዋል፦ «ሕመም የተነገረበትን ቤት ኮሚቴው በአካል ሄዶ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ውሳኔ አይጸናም።» አቶ ሕዝቅያስ አንቀጹ ለሰው ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አንብበው፣ አንቀጹ ሕመም እንጂ ሰው እንደማይል አረጋግጠዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ኮሚቴው ዛፉን እንዲጠይቅ ተወስኖ ሁሉም ጃንጥላውን አንሥቷል። መጥረቢያው ከወንበሩ ሥር ቀርቷል።

የጉብኝቱ ሪፖርት

ባዶ እጅ ስለማይኬድ ከአቶ ሙክታር ሱቅ ሙዝ ተይዟል። በወ/ሮ ፅጌ ግቢ ሰብሳቢው ግንዱን መታ መታ አድርገው «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለዋል። አቶ ሙክታር ቅርንጫፉን ወዘወዙ፤ አቶ ሕዝቅያስም ለማስረጃ ቅጠል እየቀነጠሱ ኪሳቸው ከትተዋል። ወ/ሪት ሳያት እርጥብ ቅጠል ነክቶ ወደ ሌላ ዛፍ መሄድ የፈንገሱን ዘር ማዞር እንደሆነ፣ እባካችሁ እጃችሁን ታጠቡ እያሉ ቢጮኹም፣ ሰብሳቢው በጉብኝት ላይ የሚናገር ሰው እጁን እንዲያወጣ አሳስበዋል። ታማሚው ስለማይበላ ሙዙን ጠያቂዎቹ በልተዋል። ከዚያም በዚያው እጅ የአቶ ሕዝቅያስ ዛፍ ተጠይቋል።

ኮሚቴው ወደ ዕቃ ቤቱ ሲመለስ በሰብሳቢው በር ላይ አልፏል፤ ማለፍ ግን አልተቻለም። የሰብሳቢው ባለቤት ወጥተው «ሕመም ጠይቃችሁ፣ በዚህ ዝናብ፣ በደጄ ልታልፉ? እኛ ምን በደልን?» ብለዋል። ሰብሳቢው ሰዓት ሄዷል ቢሉም ባለቤታቸው በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናግረዋቸዋል። ጸሐፊዋ ሲዳምኛ ትሰማለች፤ እንዳልሰማች እንድትጽፍ ግን ተነግሯታል። ሁሉም ወደ ግቢው ገብቷል።

ዝናቡ ሲብስ ኮሚቴው በጭቃ ጫማው ቤት ላለመግባት ብሎ ከቤቱ ጀርባ ካለው ትልቅ አቮካዶ ሥር ተጠልሏል። ይህን ዛፍ ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም ነበር። ቆመን ሳለ አንድ ፍሬ ወርዶ የሰብሳቢውን ባርኔጣ መትቶ ከወ/ሮ ፅጌ እግር ሥር አርፏል። ወ/ሮ ፅጌ አንሥተው አገላብጠው አይተው ለወ/ሪት ሳያት ሰጥተዋል። ከአናቱ እስከ ታቹ እከክ ነበር።

ሰብሳቢው «ይህ እንኳ ዝርያው ነው» ብለዋል።

ወ/ሮ ፅጌ «አሃ! የኔ ሲሆን እከክ፣ የእርስዎ ሲሆን ዝርያ?» ብለዋል። አያይዘውም እድሩ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአባሉ አንዳንድ የአቮካዶ ችግኝ መታደሉን፣ ችግኞቹ የበቀሉት በዚሁ ዛፍ ጥላ ሥር መሆኑን ሰብሳቢው በዕለቱ በኩራት መናገራቸውን፣ የእርሳቸውንም ችግኝ ከነላስቲኩ ያስረከቧቸው ራሳቸው ሰብሳቢው መሆናቸውን አስታውሰዋል። «አጨብጭበን ነው የተቀበልነው» ብለዋል። አቶ ሕዝቅያስም የእርሳቸው ዛፍ ከዚያው ዕደላ እንደሆነ ትዝ ብሏቸው «ወይ ጉድ!» ብለዋል። ወ/ሪት ሳያት ማን ቀደመ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም በሽታው ከችግኝ ጋር እንደሚጓዝ አስረድተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አላቋረጣቸውም።

በዚህ ጊዜ የሰብሳቢው ባለቤት፣ ነገሩ ያልገባቸው ሆነው፣ አቶ ሙክታር የዚህን ሳምንት ፍሬ መቼ እንደሚወስዱ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ፅጌ ወደ አቶ ሙክታር ዞረዋል። አቶ ሙክታር የሰብሳቢው ፍሬ ለጁስ ቤቶች ስለሚሄድ፣ ለጁስ ደግሞ ተልጦ ስለሚፈጭ፣ ቆዳው እንደማይታይ አስረድተዋል።

«የኔስ ለጁስ የሚፈጨው ከነቆዳው ነው?» ብለዋል ወ/ሮ ፅጌ። አቶ ሙክታር ክንዳቸውን አክከዋል።

ወ/ሮ ፅጌ የተፈረመው ውሳኔ እንዲነበብ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ በዝናብ ውስጥ፣ በጃንጥላ ሥር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንብባለች፦ የትም ይብቀል የት፣ የማንም ይሁን የማን። ይህን ሥራዋን በደስታ የፈጸመችው በዚህ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ኮሚቴው በዕቃ ቤቱ ዳግም ሲቀመጥ ሰብሳቢው ዛፍ መቁረጥ ከባድ ነገር መሆኑን፣ ዛፍም ነፍስ እንዳለው፣ መቻቻል የመንደራችን መለያ መሆኑን በሰፊው አብራርተዋል። ቀጥሎም ወ/ሪት ሳያት ከመጀመሪያው ሊሉ የፈለጉትን እንዲሉ ተፈቅዷል። እንዳሉትም በሽታው የቆዳ ነው፤ የፍሬው ሥጋ ጤነኛ ነው፤ ዛፍ አይቆረጥም። ደረቅ ቀን ጠብቆ የታመመውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ የወደቀውን ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ ሊያብብ ሲል መዳብ ያለበትን የፈንገስ መድኃኒት መርጨት፣ ችግኝም ከታመመ ዛፍ ሥር አለመውሰድ ይበቃል። ሰብሳቢው የመድኃኒቱን ስም ሁለት ጊዜ አስደግመዋል፤ የጠየቁትም ለአንድ ለሚያውቁት ሰው መሆኑን ገልጸዋል።

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ለመንደሩ ሰላም ሲባል፣ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ የማከክ ክልከላውን ጨምሮ፣ ተሽሯል። አቶ ሙክታር ከነገ ጀምሮ የወ/ሮ ፅጌን ፍሬ ከሰብሳቢው እኩል ይረከባሉ። የሰብሳቢው ስም በክፉ እንዳይነሣም ይህ ቃለ ጉባኤ እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር ተወስኗል።

አቶ ሕዝቅያስ ሁሉም ካለቀ መጥረቢያዬ ይመለስልኝ ብለዋል። ወ/ሮ ፅጌ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ ስብሰባ እንዳልነበረ፣ ስብሰባ ካልነበረ ደግሞ መጥረቢያ ይዞ የመጣ ሰው እንደሌለ፣ ዛፋቸውን ሊቆርጥ የመጣ ሰው ካለ ግን ስሙን ቢነግራቸው ደስ እንደሚላቸው ተናግረዋል። ሰብሳቢው ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው የሚከለክል አንቀጽ አላገኙም። አቶ ሕዝቅያስ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ወ/ሮ ፅጌ መጥረቢያውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ቅርንጫፍ የሚገረዝበት ቀን ሲደርስ እንደሚያስፈልጋቸው ለወ/ሪት ሳያት ነግረው ወጥተዋል።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከምሽቱ 12፡10 ላይ ተበትኗል።

ያልጻፈችው፦ እህተማርያም (ፊርማ)