የአሞራ ገደል ሚካኤል ወሰንና ታሪክ

አንድ አጥቢያ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማወቅ ከፈለጋችሁ ካርታ አትፈልጉ። አታገኙም፤ ብታገኙም አትመኑት። በእኛ አገር፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ሰውን “አጥቢያህ የት ነው?” ብትሉት የሚነግራችሁ የሚቀበርበትን ነው። ወሰኑን ብትጠይቁት ደግሞ “የቤተ ክርስቲያናችን የድንጋይ ደወል እስከሚሰማበት” ይላችኋል። ነፋስ ወደ ምሥራቅ የነፈሰ ቀን ታዲያ አጥቢያው ወደ ምሥራቅ ይሰፋል። ጎረቤቱን ቅር ቢለውም ነፋስን የሚከስበት ዳኛ የለም።

ጣሊያን ይህን አይወድም ነበር። ጣሊያን የሚወደው ነፋስ የማያሰፋው ወሰን ነው።

እኔ በዚያ ዘመን የጣሊያኑ ሹም ጸሐፊ ነበርኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ቶሎ ብናገረው ይሻላል። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ሲያስዘጋው የተመለስኩ ሰው ነኝ። ጫማ ነበረኝ። ፈረንሳይኛ ጥቂት፣ ጣሊያንኛ ከዚያም ያነሰ፣ ኩራት ግን ከሁለቱ የበለጠ ነበረኝ። ሰው “ባንዳ” ሲለኝ “መሣሪያ አልያዝኩም” እል ነበር። እርሳስ መሣሪያ አይመስለኝም ነበር።

ሹሙ በየአጥቢያው እየዞርኩ መልክዓ ምድሩንና ታሪኩን እንድጽፍ አዘዘኝ። ተራራው የት ነው? ምንጩ የት ነው? መንገዱ በየት ይወጣል? ቤተ ክርስቲያኑን ማን ተከለው? የመጀመሪያዬ ወደ ገሳይ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለው አሞራ ገደል ሚካኤል ሆነ። ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ገደል ነው።

ሽማግሌዎቹ ጽድ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጭቃ ሹሙ አያ ደምሌ ከሰላምታው በፊት እግሬን አየ።

“ጌታው፣ አገራችንን የሚለኩት በዚህ ጫማ ነው?”

አንቱ ያለኝ ለአክብሮት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለ፣ ስንት ጊዜ እንደተሠራ፣ የትኛው መሬት የማን እንደነበር፣ ማን ማንን በሐሰት መስክሮ እንዳስነቀለው። ስለ ገደሉ ስጠይቅ ግን መልሱ አንድ ብቻ ነበር።

“ገደል ነው። አሞራ ካልሆነ የሚወርድበት የለም።”

አምስት ሰው ጠየቅሁ። አምስቱም አሞራን ጠሩልኝ።

እናንተም ብትሆኑ ትጠረጥሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስዞር አንድ በሬ አላየሁም። ማሳው ታርሷል፣ እበቱ አልደረቀም፣ በሬ ግን የለም። ያኔ የጣሊያን ወታደር ከየመንደሩ ከብት እየነዳ ይወስድ ስለነበር፣ አጥቢያው በሬዎቹን የሚያሸሽበት ቦታ ከገደሉ ሥር እንዳለው ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም። ሳላውቅ ነው ብል ውሸት ነው። አውቄያለሁ። ግን እኔ የፈለግሁት በሬዎቹን አልነበረም፤ ምንም ያልጎደለው ጽሑፍ ነበር። አንዳንዱ ሰው አገሩን በብር ይሸጣል ይባላል። እኔ ገና ላልሰማሁት ሙገሳ ብዬ ነው።

በአጥቢያው አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ መሪጌታ ፈንቴ ይባላሉ። እንዲህ ያሉ መምህራንን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ዳዊት ስንደግም የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንቀላፉ ይመስላሉ። አንዲት ፊደል የተሳተች እንደሆነ ግን እዚያው እንደጨፈኑ ያርማሉ። ስሕተት ሰምተው ማለፍ አይችሉም። የሙያቸው በሽታ ነው፤ ምናልባትም ቅድስናቸው።

ከዚህ ላይ ነው እኔ ብልህ የሆንኩት።

የአጥቢያ ነገር ተጽፎ በሽማግሌ ፊት ካልተነበበ አይጸናም። ስለዚህ በሚካኤል ዕለት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ የጻፍኩትን ይዤ ቆምኩ። መሪጌታ ከፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

“ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ደቡብ ይገኛል” ብዬ አነበብኩ።

“በስተ ሰሜን” አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

አረምኩ፤ አመሰገንኩ። በስተ ሰሜን እንደሆነማ አውቅ ነበር፤ ጠጥቼበታለሁ። ጥቂት ሌላ ሌላውን ካነበብኩ በኋላ የምፈልገው ቦታ ደረስኩ።

“በጥንት ዘመን ጠላት በመጣ ጊዜ አባቶች ታቦቱን ያሸሹት በምሥራቁ ሜዳ በኩል ነው።”

“በሜዳ አይደለም” አሉ መሪጌታ። “በገደሉ ነው፤ ከትልቁ ወይራ ሥር በሚጀምረው መውረጃ። ታቦት በሜዳ አይሸሽም።”

አያ ደምሌ በበትሩ ጫፍ መሬቱን መጫር ጀመረ። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። እኔ ጻፍኩ።

ይህ አልበቃኝም። “የኔታ፣ ከወይራው በስተ ቀኝ ነው በስተ ግራ?” ብዬ ደግሞ ጠየቅሁ። መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለው ይህ ጥያቄ ነው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ወታደሮቹ ወይራውን አገኙት። በሬዎቹ ደብረ ታቦር ሲገቡ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሥር አለፉ። ብዙ ነበሩ። ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “ብራቮ” አለኝ። ይኸው፣ ሙገሳው ይቺ ነበረች።

የአሞራ ገደል ሰው በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን በዶማ ቆፈረ። እኔን የረገመኝ ብዙ አልነበረም። ጅብ በሬ በላ ተብሎ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው በረቱን የከፈተው ነው። ስለዚህ ወቀሳው ሁሉ መሪጌታ ላይ ወረደ። ሕዝቡ ለተማሪዎቻቸው ቁራሽ መስጠት ተወ፤ ተማሪዎቹም ሌላ መምህር ፍለጋ ሄዱ። በማኅሌት ከፊት ይቆሙ የነበሩት ሰው ከኋላ መቆም ጀመሩ። እኔ ይህን ሰምቻለሁ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ሄዶ እውነቱን ለመናገር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጫማም ነበረኝ።

ጣሊያን ወጣ። እኔ ጎንደር ሥራ አገኘሁ፤ ጸሐፊ የማያስፈልገው መንግሥት የለም። ከዓመታት በኋላ ለዘመድ ቀብር ደብረ ታቦር መጣሁና ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዓርብ ዕለት ወደ አሞራ ገደል ሄድኩ። መሪጌታ ከደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ብቻቸውን። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሆን ብዬ እንደተሳሳትኩም ነገርኳቸው።

“አውቄ ነበር” አሉኝ። “ምንጩን ስትስት አወቅሁ። ስትጠጣ አይቼህ ነበር እኮ።”

“ታዲያ ለምን አረሙኝ፣ የኔታ?”

“ታቦቱን በሜዳ ስታስኬደው ምን ላድርግ?”

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ይህን ለእኔ መንገርህ ምን ይረባል? በሬው የጠፋው የሕዝቡ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመህ ንገራቸው። መሪጌታን አታልዬው ነው በል። ያን ጊዜ ተማሪ ያስጠጉልኝ ይሆናል። ሳልሞት አንድ ሁለት ሰው ቅኔ ባስቆጥር ደስ ይለኛል።”

“እሺ፣ የኔታ።”

“ትመጣለህ?”

“እመጣለሁ።”

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁ። በዚያ ጊዜ ከደብረ ታቦር መኪና ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ሰው ያገኘውን መኪና አይለቅም። ይህን በመንገድ ላይ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። ይፋግ ስንደርስ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ቆመ። ወረድኩ። ተመልሶ ለመሄድ ጊዜ ነበረ። ልብሴን አራገፍኩና መኪናው ላይ ተመልሼ ወጣሁ።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እንደቆዩ ሰምቻለሁ። ተማሪ እንዳልነበራቸውም ሰምቻለሁ።

ለእናንተ ግን ይኸው ሁሉንም ነገርኳችሁ። ለእናንተ መንገር አልከበደኝም፤ ከመካከላችሁ የዚያ አጥቢያ ሰው የለም።