ኮፒ ማሽኑ የታለ?

(አሶሳ፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ማንጎ ሥር። ማመልከቻ ጻፊው ታረቀኝ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ባጃጅ ነጂው ኻሚስ ባጃጁን አቁሞ አግዳሚው ላይ ተደግፏል። የኻሚስ ስልክ በመሃላቸው ነው፤ ይጨቃጨቃሉ።)

ታረቀኝ፦ "ውድ" ማለት የተከበረ ማለት ነው አልኩህ!

ኻሚስ፦ ገበያ ሂድ። "ሽንኩርት ውድ ነው" ሲሉ፣ ሽንኩርት የተከበረ ነው ማለት ነው?

ታረቀኝ፦ እሱ ሌላ ነው።

ኻሚስ፦ "ውድ ደንበኛችን" ብለው ጻፉልህ። ተወደድክባቸው ማለት ነው። ለዚህ ነው ዕቃውን ያልላኩ።

ታረቀኝ፦ አንተ ሰው፣ ፀጉሬ እዚህ ወንበር ላይ ነው የሸበተው። እስከ ዛሬ አንድ ዳኛ ቃሌን አርሞ አያውቅም። አንተ ልታርመኝ ነው?

ኻሚስ፦ እኔ አላረመም። ሽንኩርት ነው ያልኩት።

ታረቀኝ፦ "አላረምኩም" ነው የሚባለው! "እኔ አላረመም" ይላል እንዴ ሰው? ስማ፣ ቀጥሎ ያለውን አንብብ። ፀሐዩ አያሳየኝም።

ኻሚስ፦ (ፊደል በፊደል) "ውድ ደንበኛችን፣ የሪፈንድ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም።" (ደንግጦ) ሪፈር ከለከሉህ?

ታረቀኝ፦ ሪፈንድ!

ኻሚስ፦ ምንህን ነው የታመምከው ጋሽ ታረቀኝ? አክስቴ ሪፈር ስትጠይቅ እምቢ አሏት። አንድ ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ ተኛች፣ ሰለቻቸውና ጻፉላት። አንተም ሄደህ ተኛ።

ታረቀኝ፦ ሪፈር አይደለም! ሪፈንድ! ገንዘብ ከፍለህ ዕቃው ካልመጣ ገንዘብህ ይመለሳል። ሪፈንድ የሚባለው እሱ ነው።

ኻሚስ፦ "ገንዘቤን መልስ" በለው ታዲያ። ስም ምን ያደርግለታል?

ታረቀኝ፦ ስም የሌለው ነገር አይከሰስም። አንብብ፣ ምክንያቱን ጽፈውታል።

ኻሚስ፦ "ትዕዛዝዎ በራስዎ ማረጋገጫ ተጠናቆ ተዘግቷል።"

ታረቀኝ፦ በማን ማረጋገጫ? ሌቦች! ማሽኑን በዓይኔ አላየሁት፣ ምኑን ነው ያረጋገጥኩት?

ኻሚስ፦ እኔም አላየሁም። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ "የታረቀኝ ኮፒ ማሽን መጣች?" እላለሁ። አሁን ረዳቶቹ እኔን ሲያዩ ይሸሻሉ። አንዱ "ታረቀኝ የሚባል ሰው ራሱ አለ?" አለኝ።

ታረቀኝ፦ ምን አልከው?

ኻሚስ፦ "አለ፣ ግን ውድ ነው" አልኩት።

(ታረቀኝ ካርቦን ወረቀቱን ይወረውርበታል።)

ኻሚስ፦ እሺ፣ እሺ። ሞቱማ ደውሎ ነበር።

ታረቀኝ፦ ምን አለ?

ኻሚስ፦ ሱቁን ዘግቶ ዛሬ ነቀምቴ ይሄዳል። የሱቁን ኮፒ ማሽን ገንዘብ ይዞ ለቀደመ ይሸጣል። ያንተ ገንዘብ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቶሎ በል አለ። ቤዚም ጠይቃዋለች።

ታረቀኝ፦ (ከመንገዱ ማዶ ያለውን የቤዚን ኮምፒውተር ቤት እያየ) እሷ? የእሷ ማሽን ከተበላሸ ወዲህ ነው እኮ እኔ ቁርስ መብላት የጀመርኩት። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ያለ ኮፒ አይቀበልም። እሷ ማሽኑን ዛሬ ከወሰደች፣ ነገ ባለጉዳይ ሁሉ "እዚያው አስጽፌ እዚያው ኮፒ ላስደርግ" ይላል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ማንጎ ልሸጥ ነው።

ኻሚስ፦ ማንጎም ጥሩ ነው።

ታረቀኝ፦ ደውልላቸው! ዛሬ ገንዘቤን ሳልቀበል ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ድምፁን ከፍ አድርገው፣ እኔ ነኝ የምናገረው። አንተ አፍህን ዝጋ።

(ኻሚስ ይደውላል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።)

ሊድያ፦ (በስልክ) ጤና ይስጥልኝ፣ ሊድያ ነኝ፣ ከደንበኞች አገልግሎት። ምን ልታዘዝ?

ታረቀኝ፦ ታረቀኝ እባላለሁ፣ ከአሶሳ። በቴሌግራም ቻናላችሁ ኮፒ ማሽን አይቼ አዘዝኩ። በቴሌብር ከፈልኩ። ማሽኑ የለም። ገንዘቤን።

ሊድያ፦ አንዴ ልየው… አቶ ታረቀኝ፣ ትዕዛዝዎ ተዘግቷል። የራስዎ መልእክት እዚህ አለ። ደረሰኝ ብለዋል።

ታረቀኝ፦ ብያለሁ!

ሊድያ፦ ብለዋል?

ታረቀኝ፦ በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት! የእኔ ስልክ ባለቁልፍ ስለሆነ በዚህ ሰውዬ ስልክ ከፍዬ በእሱው ጻፍኩት። ገና ከመክፈሌ ደረሰኝ አልኩ። እናንተስ? አበባ ላካችሁልኝ!

ሊድያ፦ እሱ ምስጋናችን ነው።

ታረቀኝ፦ እኔ ደረሰኝ ስል እናንተ አበባ? ሠርግ ላይ ነኝ?

ሊድያ፦ ደረሰኝ ላለን ደንበኛ ሁሉ አበባ እንልካለን።

ታረቀኝ፦ (ለኻሚስ) ሰማህልኝ? አመላቸው ነው! በሁሉም ላይ ነው የሚያደርጉት!

ሊድያ፦ አቶ ታረቀኝ፣ ይቅርታ፣ እንድንግባባ ነው። ደረሰኝ ማለትዎን አይክዱም?

ታረቀኝ፦ ምን ሊያስክደኝ? ዳኛ ፊት ቆሜ እደግመዋለሁ። ደረሰኝ! መብቴ ነው! ከፍያለሁ!

ሊድያ፦ ታዲያ ደረሰኝ እያሉ፣ በዚያው አፍ ገንዘብ ይመለስልኝ ማለት አያሳፍርም?

ታረቀኝ፦ ያሳፍራል?! በሕግ አምላክ! ደረሰኝ ማለት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሊድያ፦ ደረሰኝ ማለቱማ ጨዋነት ነው። ብዙ ሰው ዝም ነው የሚለው። ነውሩ ቀጥሎ የመጣው ነው።

ታረቀኝ፦ አለቃሽን አቅርቢልኝ!

ሊድያ፦ አለቃዬም የሚያዩት ይህንኑ ቃል ነው። መልካም ቀን ይሁንልዎ።

(ስልኩ ተዘጋ።)

ታረቀኝ፦ ይህቺ ደግሞ ጨዋነት አስተማሪ ሆና ቁጭ አለች! እዚያ አዲስ አበባ አማርኛ ቀርቷል። ፎቅ ብቻ ነው የቀራቸው።

ኻሚስ፦ ልጅቷ ግን ተቀይማለች።

ታረቀኝ፦ ሌባ ሲያዝ ይቀየማል።

ኻሚስ፦ ጋሽ ታረቀኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትሳደብ።

ታረቀኝ፦ እንደ ጥያቄህ ነው።

ኻሚስ፦ ደረሰኝ ምንድን ነው?

ታረቀኝ፦ (ግንባሩን ይዞ) ፈጣሪዬ፣ ከማን ጋር ነው ያስቀመጥከኝ! ደረሰኝ ማለት ገንዘብ ስትከፍል የሚሰጥህ ወረቀት ነው። ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያለው። ታርጋ ስታሳድስ አልሰጡህም?

ኻሚስ፦ (ቀስ ብሎ ይነሳል) ወላሂ ጉድ ሆንኩ።

ታረቀኝ፦ ምን ሆንክ?

ኻሚስ፦ ዳበሳ፣ የባምባሲው፣ ጓደኛዬ። በመኪና ማር ይልክልኛል። ማታ ይደውላል፣ "ኻሚስ፣ ማሩ ደረሰህ?" ይላል። እኔ ምን እላለሁ? "ደረሰኝ" እላለሁ! ይኸው ስንት ዓመት! እሱ ማር በነፃ ይልካል፣ እኔ ማኅተም ያለው ወረቀት አምጣ እለዋለሁ! ዘንድሮ ያልላከው ለዚህ ነው!

ታረቀኝ፦ አንተ ደደብ፣ እሱ ሌላ ደረሰኝ ነው! እሱ እንኳ "እኔ ጋ መጣ" ማለት…

(ቃሉን ሳይጨርስ ስልኩን ያያል።)

ኻሚስ፦ ስንት ደረሰኝ ነው ያለው?

ታረቀኝ፦ (ድምፁ ወርዶ) ሁለት።

ኻሚስ፦ ልጅቷ የትኛውን ሰማች?

(ታረቀኝ ብዕሩን ይከፍታል፤ መልሶ ይዘጋዋል።)

ታረቀኝ፦ ማስተዋል ያለው ሰው ከዐውዱ ይረዳዋል።

ኻሚስ፦ ዐወድ? የመናኸሪያው ልጅ ዐወድ? እሱን በምን ታውቀዋለች?

ታረቀኝ፦ ዐውድ! ዐ-ው-ድ! ከቃሉ በፊትና ከቃሉ በኋላ ያለው ነገር!

ኻሚስ፦ (ስልኩን አንስቶ እያየ) በፊት ምንም የለም። በኋላ አበባ ነው።

ታረቀኝ፦ ለነጋዴ አይዘበዘብም። አንድ ቃል፣ ቁጣ ያለው። አራት ነጥብም አድርጌበታለሁ!

ኻሚስ፦ ነጥቧን አየኋት። ቁጣዋ ግን አትታይም።

ታረቀኝ፦ (ወረቀት እየሳበ) ግድ የለም። መልሼ እጽፍላቸዋለሁ። "ጉዳዩ፦ ደረሰኝ የሚለው ቃል ደረሰኝ ተብሎ እንዳይተረጐም ስለመጠየቅ።" ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ይሁን?

(ኻሚስ መልሶ ይደውላል።)

ኻሚስ፦ እህቴ፣ ሰላም ነው? እኔ ኻሚስ ነው፣ የባጃጁ። ስልኳም የእኔ ናት። ስሚኝ። ኮፒ ማሽኗ አልመጣችም። መናኸሪያ የለችም፣ እኔ ጋ የለችም፣ ሽማግሌው ጋ የለችም።

ታረቀኝ፦ የቱ ሽማግሌ?

ሊድያ፦ ታዲያ ደረሰኝ ብለው የጻፉት ለምንድን ነው?

ኻሚስ፦ እሱ እኮ ወረቀቷን ነው የፈለገ። ማኅተም ያላትን።

(ከስልኩ ማዶ ሳቅ፤ የብዙ ሰው ሳቅ ነው።)

ሊድያ፦ ይቅርታ… ይቅርታ። አንዴ ይጠብቁኝ፣ መጋዘን ልጠይቅ። (ቆይታ) ማሽኑ እዚሁ ነው ያለው! ሊጫን መኪናው በር ላይ ደርሶ ነበር። ደንበኛው ደረሰኝ ስላሉ ትዕዛዙ ተዘጋ፤ ልጆቹም መልሰው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት።

ኻሚስ፦ እሱ ራሱ ነው ያስቀራት?

ሊድያ፦ በገዛ ጣታቸው።

ታረቀኝ፦ (እያንሾካሾከ) ዝም በላት! ገንዘቡን በላት! ሞቱማ ሊሄድ ነው!

ሊድያ፦ ማሽኑን እንላክላችሁ ወይስ ገንዘቡን እንመልስ?

ኻሚስ፦ ገንዘቡን። አሁን።

ሊድያ፦ በከፈላችሁበት ስልክ ነው የምንመልሰው። ይኸው አሁን የደወሉበት የእርስዎ ስልክ ነው። ከመስመሩ ስወጣ ይገባል። (ሳቋን እየታገለች) ለአቶ ታረቀኝ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

(ስልኩ ተዘጋ። ኻሚስ ባጃጁን ያስነሳል። ታረቀኝ አዲስ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል።)

ኻሚስ፦ ተነሳ ጋሽ ታረቀኝ። ሞቱማ ጋ እንሂድ።

ታረቀኝ፦ ቆይ። የሳቁብኝን አልተውም። ትኩስ ሆኖ ነው ክስ የሚጻፈው። ገንዘቡ እስኪገባ እጨርሰዋለሁ። "ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ አመልካች በዕድሜዬና በሙያዬ የተከበርኩ ስሆን፣ ተጠሪዎች ግን በስልክ መስመር ላይ በኅብረት ሆነው…"

(የኻሚስ ስልክ ይጮኻል። አንስቶ ያየዋል።)

ኻሚስ፦ ጋሽ ታረቀኝ፣ ደረሰኝ።

ታረቀኝ፦ (ቀና ሳይል) አሁን? አሁን ምን ያደርግልኛል? "…በኅብረት ሆነው የሳቁብኝ በመሆኑ…"

ኻሚስ፦ ደረሰኝ እኮ ነው የምልህ! ና ግባ!

ታረቀኝ፦ ደረሰኝ ተሸክሜ ሞቱማ ጋ ልሂድ? ሞቱማ ብር ነው የሚፈልገው። ይኸው፣ ያኔ ደረሰኝ ስላቸው አበባ ላኩ፣ ዛሬ ገንዘብ ስላቸው ወረቀት ይልካሉ። ቁጭ በል፣ ገንዘቡ ሲገባ ትነግረኛለህ።

ኻሚስ፦ እሺ። ደረሰኝ።

ታረቀኝ፦ ሰማሁ አልኩህ! አሁን ሦስተኛውን ነጥብ እየጻፍኩ ነው፣ እጄን አታሰናክልብኝ።

(ኻሚስ ትከሻውን ነቅንቆ የባጃጁን ሞተር ያጠፋል። ታረቀኝ ገጹን ሞልቶ ይገለብጣል፤ ይጽፋል። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ባጃጅ መጥቶ ይቆማል። ቤዚ በነጠላ የተሸፈነ ከባድ ዕቃ ከኋላ ወንበሩ ላይ እየጐተተች ታወርዳለች።)

ኻሚስ፦ ቤዚ ኮፒ ማሽን አመጣች።

ታረቀኝ፦ (ቀና ብሎ) የማንን?

ኻሚስ፦ የሞቱማን ነዋ። እንግዲህ ሌላ ማሽን የት አለ?

ታረቀኝ፦ (ብዕሩን ጥሎ ይነሳል) ቀደመችኝ! እነዚያ ሌቦች ገንዘቤን አዘግይተው ማሽኑን አስበሉኝ!

ኻሚስ፦ ገንዘቡ ገብቷል።

ታረቀኝ፦ መቼ?

ኻሚስ፦ ቅድም። ክሱን ሳትጀምር ማለት ይቻላል።

ታረቀኝ፦ ቅድም ገብቶ እስካሁን ዝም ትላለህ? አንተ ሰው ምላስ የለህም? ለምን አልነገርከኝም?

ኻሚስ፦ (ስልኩን አዙሮ የገባውን ገንዘብ እያሳየው) ደጋግሜ ነገርኩህ። አማርኛ የምትችል መስሎኝ።